በፀሐይ የሞቀ ውሃ

አባቴ በሕይወቱ አንድም ቀን እሳት አንድዶ አያውቅም። እኔ እስከማውቀው ድረስ በቀዝቃዛ ውሃም ውዱእ አድርጎ፣ ለሶላት ታጥቦ አያውቅም። እነዚህን ሁለት ነገሮች አጠገብ ላጠገብ አስቀምጬ ለማየት እኔ ልጁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ እሱ ግን ጭራሽ ሳያያቸው አለፈ። ለአባቴ ሙቅ ውሃ ማለት ሲነጋጋ ከበሩ አጠገብ በማንቆርቆሪያ ሆኖ የሚገኝ ነገር ነው። ማን እንዳስቀመጠው፣ በምን እንዳሞቀው፣ ሲያሞቅ ስንት ጊዜ እንዳሳለው መጠየቅ የሸህ ሥራ አይደለም።

ቤታችን ከመካነ ሰላም ወደ አቀስታ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ላይ ነው። በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ጠዋት ገብሱ ላይ አመዳይ ተኝቶ ይገኛል፤ ደጅ ያደረ ባልዲ ስስ በረዶ ይይዛል። አባቴ በዚያ አገር ቁርኣን ያስቀራ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ደረሶች ግቢያችን ውስጥ ባለች ጎጆ ያድራሉ። የመንደሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ለንጋቱ፣ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጊድ ሲሄዱ በኛ በር ማለፍ ይወዳሉ። ሸኻችንን ሰላም ለማለት ነው ይላሉ። እኔ ግን መንገዱ በኛ በር እንደማያልፍ፣ ሙቅ ውሃው ግን እኛ ቤት እንዳለ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ስለዚህ እናቴ የምታሞቀው አንድ ማንቆርቆሪያ ሳይሆን አምስት ስድስት ነበር።

ከአዛን በፊት ትነሳለች። ማታ በአመድ ዳፍና ያሳደረችውን ፍም ትገልጣለች፣ ኩበት ትጨምራለች፣ እፍ ትላለች። በበጋ ደህና ነው። ክረምት ላይ ኩበቱ እርጥብ ስለሆነ ከመንደድ መጨስ ይቀለዋል፤ እናቴም ከእሳቱ እኩል ስታስል ታነጋለች። እንዲህ ሆና የሞቀው ውሃ ለብ ብሎ ከተገኘ አባቴ «ዛሬ ምነው?» ይላል። ሌላ አይልም። «ዛሬ ምነው?» የምትለዋ ቃል ግን ለቀኑ ሙሉ ትበቃታለች፤ እስከ ማታ ድረስ ጥፋተኛ ሆና ትውላለች።

አንድ ጊዜ ወደ ቀበሌያችን የመጣች የጤና ሠራተኛ ደረቷን አዳመጠችና «እማማ፣ ጭስ ይቀንሱ» አለቻት። ጨው ይቀንሱ እንደሚባለው። እናቴ «እሺ ልጄ፣ አላህ ይባርክሽ» ብላ እስከ አጥር ሸኘቻትና ተመልሳ ምድጃዋ ላይ ተደፋች። ልጅቷ ምክር መስጠቷን መዝገቧ ላይ ሳትጽፍ የቀረች አይመስለኝም።

እኔ በዚያን ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ አሠልጣኝ ነበርኩ። ደረት ኪሴ ላይ ሦስት እስክሪብቶ እሰካ ነበር፤ ሁለቱ አይጽፉም። ዘመኑ የሞዴል ዘመን ነው። ሞዴል አርሶ አደር ነበረ፣ ሞዴል ቤተሰብ ነበረ፣ ሞዴል ሽንት ቤትም ነበረ፤ ሰዎች ከሌላ ቀበሌ ድረስ እየመጡ ይጎበኙት ነበር። ስብሰባ ላይ «ቴክኖሎጂ ማሸጋገር» የማይል ሰው እንደ ሰነፍ ይቆጠራል። እኔም እል ነበር። ምን እንደማሸጋግር ግን አላውቅም ነበር።

ያወቅሁት ደሴ ለሥልጠና ሄጄ ባደርኩበት የእንግዳ ማረፊያ ነው። ጠዋት ቧንቧ ስከፍት ትኩስ ውሃ ወረደ። መብራት ከመሸ ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። ዘበኛውን ብጠይቀው ጣሪያውን አሳየኝ፤ በመስታወት የተከደነ ጥቁር ሳጥን፣ ከሱ በላይ ደግሞ የተጋደመ በርሜል። ቀን ፀሐይ ያሞቀውን ውሃ በርሜሉ ሳያቀዘቅዝ ያሳድረዋል። ሥልጠናውን ትቼ ሁለት ቀን ሙሉ ያንን ጣሪያ ስዞር ዋልኩ። ዘበኛው ቆርቆሮ ሊሰርቅ የመጣ ሳይመስለው አልቀረም።

ሥራው ከባድ አልነበረም። የዘይት በርሜል ገዛሁ፣ አጠብኩት፣ ቀዳዳውን በየድኩት። ቀጫጭን ቧንቧዎችን ደርድሬ ጥቁር ቀለም ቀባሁና መስታወት ባለው ሳጥን ውስጥ አሰርኳቸው። ውሃ ሲሞቅ ይቀላል፣ ሲቀል ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ በርሜሉ ከሳጥኑ ከፍ ካለ ያለ ፓምፕ ራሱ እየዞረ ይሞቃል። በርሜሉን ከቆርቆሮ በተሠራ ትልቅ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬ ዙሪያውን የገብስ ጭድና የበግ ፀጉር ጠቀጠቅሁበት። የላይኛው ውሃ ከታችኛው ይልቅ ትኩስ ስለሆነ የሚቀዳበትን ቧንቧ ከላይ አደረግሁት። ይህንን ሁሉ ለሠልጣኞቼ ሳስረዳ የፀሐይን ሥራ ራሴ የፈለሰፍኩት ይመስል ነበር።

በጭነት መኪና ጭኜ ወደ ቤት ወሰድኩት። ደረሶቹ ተረባርበው ከጓዳው ውጭ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ሰቀሉልኝ። እናቴ እጇን ነጠላዋ ውስጥ አድርጋ ከሩቅ ታያለች። ሥራው ሲያልቅ ቀረብ አለችና «ሌሊት ፀሐይ የለም። ምን ያሞቀዋል ታዲያ?» አለችኝ።

አስረዳኋት። ስለ ሙቀት መተላለፍ ነገርኳት፣ ስለ አየርና ስለ ጭድ ነገርኳት፣ ሥዕል ሳይቀር መሬት ላይ ሳልኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እሳት ዳፍኖ እንደማሳደር ነው በለኛ» አለች።

እንደዚያው ነው። ግማሽ ሰዓት የለፋሁበትን እሷ በአንድ አፍ ጨረሰችው። ያን ጊዜ ግን አልተደነቅሁም። «አዎ፣ በግርድፉ» አልኳት። በግርድፉ! ዛሬ ይህን ቃሌን ሳስታውስ ፊቴ ይግላል።

በማግስቱ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ እናቴ በርሜሉ አጠገብ ቆማለች። ቧንቧውን ከፍታ እጇን ከሥሩ ዘርግታለች፤ ውሃው ከመዳፏ ላይ እንፋሎት እያነሳ ይፈሳል። ከተሰነጣጠቁት ጣቶቿ መካከል ይወርዳል። ለማንም አልቀዳችም፣ ማንቆርቆሪያም አልያዘችም። ዝም ብላ እጇን ታሞቃለች። «አልሐምዱሊላህ» አለች ሳታየኝ። ያንን ድምፅ ከአፏ ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ ደስታ ነው ብል አላጋነንኩም። ሦስት ጠዋት እንዲህ ሆነ። ሦስት ጠዋት እናቴ አዛን እስኪል ተኛች፤ ጓዳው ጭስ አልነበረውም፤ ሳሏም ረገብ አለ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ሆነ።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የመስጊዱ ሰዎች ቤታችን ይሰበሰባሉ። ከነሱ መካከል አቀስታ ገበያ ጨርቅ የሚነግድ አንድ ሽማግሌ ነበር። ይህ ሰው በማያውቀው ነገር ሁሉ አስተያየት አለው፤ ስለሚያውቀው ስለ ጨርቅ ግን አንድም ቀን ሲናገር አልሰማሁትም። በርሜሉን ዞሮ ዞሮ አየው። መስታወቱን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። ከዚያ ገባና ተቀመጠ።

«ሸኻችን፣ ይሄ ውሃ በምንድን ነው እሚሞቀው?»

«በፀሐይ ነው ይላል ልጁ» አለ አባቴ።

«ዕቃው ብረት ነው፣ አይደል?»

«ብረት ነው።»

«ወላሂ እኔ ምን አውቃለሁ» አለ ጨርቅ ነጋዴው፤ እንዲህ ካለ ሁሉን ሊያውቅ ነው ማለት ነው። «ግን በብረት ዕቃ ፀሐይ ያሞቀው ውሃ ለውዱእ መክሩህ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ለምጥ ያመጣል አሉ።»

መክሩህ ማለት ሐራም ማለት አይደለም፤ ባይደረግ ይሻላል ማለት ነው፤ የተጠላ። ሸህ ቤት ውስጥ ግን የተጠላ ነገር ደጃፍ ላይ ተሰቅሎ ሊያድር አይችልም። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ቁርኣን አስቀሪ ነው፤ አቀራሩ ያምራል፣ ስህተት አይወጣውም፤ የፊቅህ፣ የሃይማኖቱ ሕግ ትምህርት ግን ልጅ ሆኖ ጀምሮ የተወው ነገር ነው። ይህንን እሱ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ። ሰዎቹም ማወቃቸውን ግን እሱ አያውቅም። ጺሙን ዳሰሰ፣ ወደ ጣሪያው አየ።

«አዎ። አለ እንደሱ» አለ በመጨረሻ። «ኪታብ ላይ አለ።»

በዚህች ቃል የእናቴ እንቅልፍ አለቀ።

ክርክሩ ግን ሳምንታት ፈጀ፤ መከራከር የሚወዱ ሰዎች ያገኙትን ነገር በአንድ ቀን አይጨርሱትም። በየዓርቡ ይመጣሉ። ቆሎው ይቀርባል፣ ሻዩ ይቀርባል፣ ጫቱ ይዘረጋል። ብረቱ በርሜሉ ነው ወይስ ቧንቧው? ፀሐይ በመስታወት ውስጥ ሲያልፍ ያው ፀሐይ ነው ወይስ ሌላ? ጥቁር ቀለሙስ? አንዱ ሽማግሌ ውሃው ፀሐይ ላይ ሞቆ ጥላ ውስጥ ስለሚያድር ኃጢአቱ ሌሊት ላይ ይበርዳል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ በቁም ነገር ነው የጠየቀው፤ በቁም ነገርም መለሱለት። በዚህ ሁሉ መካከል እናቴ ለሻዩ፣ ለእጅ መታጠቢያው፣ ለውዱኡም የሚሆነውን ውሃ ጓዳ ውስጥ በኩበት ታሞቃለች። ስለ ውሃ ሲያወሩ ከዋሉት ሰዎች አንዱም ውሃውን የሚያሞቀው ማነው አላለም።

እኔስ? እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ። ተነስቼ ስለ ባክቴሪያ አስተማርኳቸው። ለምጥ በውሃ እንደማይመጣ፣ የበሽታ መንስኤ ምን እንደሆነ፣ በደሴ ስንት ሰው በዚህ እንደሚታጠብ ነገርኳቸው። የሚሰሙኝ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሦስቱን እስክሪብቶዬን ሰክቼ። እነሱ የሚነጋገሩት በኪታብ ነው፤ እኔ የምመልሰው በመማሪያ መጽሐፍ ነው። ንግግሬን ስጨርስ ጨርቅ ነጋዴው «መማር ጥሩ ነው» አለ በትሕትና፣ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

በዚያን ቀን እናቴ የሻይ ሰርቪስ ይዛ በር ላይ ቆማ ነበር። ትዝ ይለኛል፤ ሰርቪሱን ሳታስቀምጥ «እኔ እምለው...» አለች። ማንም አልዞረም። እኔ ዞርኩ። ስለ ባክቴሪያ አንድ የቀረኝ ነጥብ ነበር፤ እሷ ካቋረጠችኝ ሰዎቹ አምልጠውኝ ወደ ጫታቸው ሊመለሱ ነው። «ቆዪ እማዬ» አልኳት። ሰርቪሱን አስቀምጣ ወጣች። ነጥቤን ተናገርኩ፤ ምን እንደነበር ግን ዛሬ አላስታውሰውም።

አንድ አስተዋይ ሰው፣ ከሁሉም ዝምተኛው፣ የአንድ ቀን መንገድ ርቀው የሚኖሩ፣ ፊቅህ የሚያስቀሩ ትልቅ ሸህ እንዲጠየቁ ሐሳብ አቀረበ። አባቴ ተቆጣ። «የበርሜል ነገር ልጠይቅ ነው ሰው ደጅ የምሄደው?» አለ። የበርሜሉ ነገር አልነበረም ያስቆጣው። ሄዶ ከጠየቀ አላውቅም ማለቱ ነው፤ አላውቅም ከሚል ደግሞ የሚስቱ ሳንባ ይጨስ።

በመጨረሻ መፍትሔ ተገኘ። ስምምነት ላይ ሲደረስ ሁሉም ደስ አለው፤ እኔም አብሬ ደስ ማለቴ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የተጠላው ፀሐይ ያሞቀው ነው። እሳት ያሞቀው ውሃ ላይ ማንም ቅሬታ የለውም። ስለዚህ በርሜሉ ይቀመጥ፣ ሙቀቱን ማሳደሩ መልካም ነገር ነው፤ ብቻ ፀሐዩ ቀርቶ በእሳት ይሙቅ። «ይቻልሃል?» አለኝ አባቴ። «እንዴት አይቻለኝም!» አልኩ። የፈጠራ ሥራዬ ከነጭራሹ ከሚወርድ ብዬ ነው። ለእናቴ ስል የሠራሁትን ዕቃ ለማዳን እናቴን ሰጠኋቸው።

መስታወቱን ነቀልኩ። በርሜሉን ዝቅ አድርጌ ከሥሩ የብረት በር ያለው ምድጃ በየድኩ። ጭዱና ፀጉሩ እሳት እንዳይዝ አውጥቼ በአመድና በጭቃ ለወጥኩት። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም፤ ማታ የሞቀ ውሃ ጠዋት እጅ ያቃጥላል። ግን አንድ በርሜል ውሃ በኩበት ማሞቅ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ያሞቀው ሰው ብቻ ነው። ድሮ ለስድስት ማንቆርቆሪያ የምትነሳው ሴት አሁን በየማታው ለበርሜል ታነዳለች። ድሮ ጠዋት ብቻ ታስል ነበር፤ አሁን ማታም ታስላለች። ውሃ የሚያመላልሱት ደረሶች ለመጀመሪያው ሳምንት ተሯሯጡ፤ ከዚያ ትምህርት በዛብን አሉ፤ አህያዋና እናቴ ቀሩ።

ሙቅ ውሃ ሳይጠፋ የሚያድርበት ቤት መኖሩ ደግሞ ተሰማ። ዱሮ በበራችን የማያልፉ ሰዎች ሁሉ ማለፍ ጀመሩ። ጨርቅ ነጋዴው ከነጀሪካኑ ይመጣል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም ልጅ ሲወለድላቸው፣ ለቅሶ ሲኖርባቸው ልከው ይወስዳሉ፤ እነሱስ ቢያንስ ኩበት አብረው ይልካሉ። እናቴ ለሁሉም «ኑ፣ ቅዱ» ትላለች። በርሜሉ አልቆ ተራው የሷ ሲሆን ከታች የቀረውን ቀዝቃዛውን ትቀዳለች። ሁልጊዜ በቀዝቃዛው ነበር የምትታጠበው። ይህንን ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ከዚያማ የወረዳ ሰዎች መጡ። የሞዴል ዘመን ነው ብያለሁ። ካሜራ ይዘው፣ የእንግዳ መዝገብ ይዘው መጡ። አባቴ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ በርሜሉ አጠገብ ቆመ። የማገዶ ቁጠባን አስረዳ! በሕይወቱ አንድ ኩበት ያላነሳ ሰው ስለ ማገዶ ቁጠባ ሲናገር የወረዳው ሰዎች ማስታወሻ ይይዛሉ። «ሙቀት ማጠራቀሚያ» ይላል፤ ቃሉን ከኔ ነው የወሰደው። ፎቶ ተነሳን፤ አባቴ፣ እኔ፣ ሁለት የወረዳ ሰዎችና በርሜሉ። እናቴ በዚያን ሰዓት የነሱን ምሳ እየሠራች፣ የማታውን ኩበት እየሰበሰበች ነበር። ለቤተሰቡ የምስክር ወረቀት ተሰጠ፤ የአባቴ ስም ተጽፎበት ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። ለኔም ተሰጠኝ፤ «ችግር ፈቺ አሠልጣኝ» ይላል። እስካሁን አለኝ። አልቀደድኩትም፤ መቅደድ ራሱ ትልቅ ሰው መምሰል ነው።

የተነቀለው የመስታወት ሳጥን ከግድግዳ ጋር ተደግፎ ቀረ። እናቴ አላስጣለችውም። ጫጩቶች ሲፈለፈሉ ከሥሩ ታሳድራቸው ጀመር፤ አመዳይ አይነካቸውም። ለጫጩት መክሩህ አይደለም።

ዓመታት አለፉ። አባቴ ሞተ፤ በሙቅ ውሃ ታጥቦ ተከፈነ፤ ያንንም እናቴ ናት ያሞቀችው። ሁለት ዓመት ቆይቶ እሷም ደረቷ አልችል ሲል መካነ ሰላም እኔ ቤት አመጣኋት። ሐኪሙ ደረቷን ራጅ አነሳና «ብዙ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። እናቴ ሲጋራ በእጇ ነክታ አታውቅም።

በዚያ ክረምት አንድ ቀን የመስጊድ በር ለማስበየድ ሰዎች ወደ ወርክሾፓችን መጡ። አብረዋቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ፊቅህ ያስቀሩ የነበሩ፣ ዓይናቸው የደከመ። ብየዳው እስኪያልቅ ወንበር ሰጥቻቸው ጨዋታ ለማምጣት ያህል የበርሜላችንን ታሪክ ነገርኳቸው። ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

«አቦ ልጄ፣ እሱ እኮ ለቆላ አገር ነው» አሉኝ። «አገሩ ሐሩር ሲሆን ነው እሚጠላው። አቀስታ መንገድ ላይ ፀሐይ ማንን አቃጥሎ ያውቃል? እናንተ አገርማ ፀሐይ ራሱ እሳት ይፈልጋል! ይሄንን ጀማሪ ደረሳ ያውቀዋል።»

የብየዳ መነጽሬን እንዳደረግሁ ቆምኩ። ከዚያ መሳቂያ ሆኖ የታየኝ ያ ሁሉ ዓርብ ነው፤ ጨርቅ ነጋዴው፣ መስታወቱ፣ ጥላው፣ የአባቴ «ኪታብ ላይ አለ»። ኪታብ ላይ ያለው ግማሹ ብቻ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ሌላውን ግማሽ ቢጠይቅ እናቴ ጠዋት ጠዋት እጇን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ ትኖር ነበር። ተናድጄ ነው ወደ ቤት የሄድኩት። ግን ካልዋሸሁ ከንዴቱ ሥር ደስታም ነበረ፤ በመጨረሻ እነዚያ ሰዎች አላዋቂ መሆናቸው ተረጋገጠልኝ።

እናቴ መኝታው ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ውጭ ዝናብ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ ነገርኳት፤ ሽማግሌው ያሉኝን አንድ በአንድ። እንደ ምሥራች ነጋሪ ምላሿን ስጠብቅ ቆየሁ።

«አውቀዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

ዓይኗን ከደነች። ከዚያ በዜማ ማለት ጀመረች፤ ደረሶች በቃል የሚይዙበት ዜማ። አንዱን ዐረብኛ ትላለች፣ ተከትላ ባማርኛ ትፈታዋለች። አገሩ ሞቃት ሲሆን፤ ዕቃው ከብረት ሲሆን፤ ውሃው ትኩሱን ገላ ላይ ሲውል፤ ሦስቱ ካልተገናኙ አይጠላም። በሳሏ መሀል ሁለት ጊዜ ቆመች፤ አንዲት ቃል ግን አልዘለለችም። የእናቴ አባት ፊቅህ አስቀሪ እንደነበሩ አውቃለሁ። እሳቸው ሲያስቀሩ እሷ ከመጋረጃው ወዲያ የበግ ፀጉር እየፈተለች እንደምትውል፣ ደረሶቹ የሚሳሳቱትን በልቧ ታርም እንደነበር ግን ያን ቀን ነው የነገረችኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የሸህ ልጅ ነኝ ስል የማን ልጅ መሆኔን አላውቅም ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር። «ለምን ዝም አልሽ እማዬ? ያ ሁሉ ዓመት!»

«ልናገር መጥቼ ነበርሳ። ሻዩን ይዤ።» ቂም አልነበረባትም፤ የሆነውን ነው የምትነግረኝ። «አንተ 'ቆዪ' አልከኝ። ቆየሁ።»

ጨርቅ ነጋዴውን ፈለግሁ፣ አባቴን ፈለግሁ፤ ንቀቴን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ። በዚያች ክፍል ውስጥ ወደ በሩ የዞርኩት ብቸኛው ሰው እኔ ነበርኩ።

የአስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ሰዓት ደርሶ ነበር። «ውሃ ላሙቅልሽ» አልኳት። መብራት ጠፍቷል፤ ባለቤቴ ከሥራ አልተመለሰችም። ጓዳ ገብቼ የከሰል ምድጃውን አወጣሁ። ክብሪት ጫርኩ፣ ወረቀት ጨመርኩ፣ እፍ አልኩ። ወረቀቱ ነድዶ አለቀ፤ ከሰሉ አልያዘም። እንደገና ጫርኩ። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ አሳለኝ። ብረት የማቀልጥ ሰውዬ አንድ እፍኝ ከሰል ማቀጣጠል አቃተኝ። ስንት ደቂቃ እንደቆየሁ አላውቅም። በመጨረሻ አንዱ ጥግ ቀይ ሲሆን ማንቆርቆሪያውን ጥጄ ልነግራት ወደ ክፍሉ ተመለስኩ።

እናቴ መስገጃዋ ላይ ነበረች። ከአልጋው አጠገብ ባለው የመታጠቢያ ሳህን ውስጥ ውሃ አለ። ጣቴን ነከርኩበት፤ ቀዝቃዛ ነበር።